የዘለልሁት ስም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስንቱን ጉዴን ዘርግፌያለሁ፤ መጠጡን፣ ስድቡን፣ በጾም የበላሁትን፣ ሁሉንም። ይህን ግን አንድ ቀን አላነሳሁትም። "ሌላስ ልጄ፣ የቀረ አለ?" ይሉኛል ሁልጊዜ። "የለም አባ" እላለሁ፤ መስቀላቸውን ስሜ እወጣለሁ። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዛሬ ምላሴ የተፈታው። ብቻ እየሰማችሁኝ እንዳታዝኑልኝ። እኔ የሚታዘንለት ሰው አይደለሁም።

ነገሩ አጭር ነው። አንድ ስም ዘለልሁ። የሞተ ሰው ስም። ረስቼ አይደለም፣ አውቄ ዘለልሁ፤ በዚያም ሁለት ሰዎችን ለያየሁ።

አባቴ በአርማጭሆ፣ በትክል ድንጋይ ዙሪያ የታወቀ ዘር ቆጣሪ ነበር። እኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ወንዱም ሴቷም ከነአያት ቅድመ አያታቸው ይጠራሉ፤ አንድ ሰው ላይ የሚገናኙ ከሆነ ከዚያ ሰው ወዲህ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት መሙላት አለበት። ሰባት ከሞላ ይጋባሉ። ስድስት ከሆነ ወንድምና እህት ናቸው፣ አለቀ ደቀቀ። ሀብት ቢኖር፣ ፍቅር ቢኖር፣ አገር ቢለምን ከንቱ ነው። አባቴ ይህን ሁሉ በቃሉ ነበር የሚይዘው። ሰው ከሳንጃ ድረስ እየመጣ ያስቆጥረው ነበር፤ እኔም ከልጅነቴ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ለቀምሁት።

በተለይ አንድ ሰው ነበር እንዳልዘለው አባቴ የሚያስጠነቅቀኝ። አበረ ይባላል። አበረ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ሞተ። የተወለደውን ልጅ፣ ዘለቀን፣ አያቱ ተሰማ ስላሳደገው አገሩ ሁሉ "ዘለቀ ተሰማ" ብሎ ጠራው፤ አበረ በዚያው ከሰው አፍ ጠፋ። አባቴ ሲቆጥር እዚያ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና "ይህን ሰው እንዳትረሳ። ልጁን እንኳ ሳያይ የሞተ ነው። እኛም ካልጠራነው ማን ይጠራዋል?" ይለኝ ነበር። አልረሳሁትም። ምነው በረሳሁት ኖሮ!

ያኔ ኮሮናውም ጦርነቱም አልመጣም። ጎንደር በፈረንጅ ይተራመስ ነበር፤ እኔም አስጎብኚ ነበርሁ። ማስተዋል የአገሬ ልጅ ናት፣ የትክል ድንጋይ። ቱሪስት ይዘን ድንኳን እየተከልን ስንጓዝ ምግብ አብሳያችን እሷ ነበረች፤ ሥራውንም ያገኘሁላት እኔ ነኝ። እወዳት ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ እያልሁ ሁለት ክረምት አለፈብኝ። ምን ነበር የጠበቅሁት? እሷ እንድትጠይቀኝ ነው? በዕድሜ ትንሽ ስለምበልጣት "አያ ታደለ" ነበር የምትለኝ፤ አያ እያለች በአክብሮት ገለል ታደርገኛለች።

ይርጋ ደግሞ ሾፌራችን ነው፣ ጓደኛዬ። አባቱ ከአርማጭሆ ጎንደር የገባ ሰው ነው፤ እሱ ግን ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ፣ የአያቱን ስም እንኳ ተቸግሮ የሚናገር ልጅ ነበር። ቁመናው እንደኔው ነው፣ ከኔ የሚበልጠው በሳቅ ብቻ ነው። ማስተዋልን ካወቃት አንድ ዓመት ሳይሞላው "ማስቴ" አላት። እሷም "ይርጌ" አለችው።

በጥቅምት ወር ወፍ ለማየት የመጡ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፈረንጆች ይዘን ወጣን። መንገዱ ሸጋ ነበር። መጀመሪያ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፤ ከዚያ ተመልሰን በጎንደር በኩል ስሜን ተራራ፤ ከዚያ በሊማሊሞ ወርደን ዛሪማ፤ ማደሪያችን ሁሉ ድንኳን። ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር። እኔ በዚህ ጉዞ ለማስተዋል ልነግራት ቆርጬ ነበር። ሰው ሲያስብ እግዜር ይስቃል ይባላል፤ እኔ ላይ ግን የሳቀ ይርጋ ነው።

ጎርጎራ ከሐይቁ ዳር ድንኳን ስንተክል ማስተዋል ጉማሬ ፈራች። ይርጋ ወዲያው የሷን ድንኳን በማኪናውና በራሱ ድንኳን መካከል አደረገላት። ጉማሬ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው አላት፤ የሾፌር ሥጋ ደግሞ ናፍታ ናፍታ ስለሚል አንዴ ቀምሶ ይተፋኛል፣ አንቺ ተኚ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ደግሞ አዋቂው "ጉማሬ ሳር እንጂ ሥጋ አይበላም" አልሁ። ማንም አልሳቀም። እውነቴን ነበር፤ እውነት ግን ያን ቀን ለማን ጠቀመ?

በነጋታው ጠዋት ፈረንጆቹ በሩቅ ማያ መነጽራቸው ደንገሉ ውስጥ ወፍ ሲፈልጉ ሁለቱ በውሃው ዳር ሲሄዱ አየሁ። የይርጋን ጃኬት ለብሳለች። እነዚያ ትልልቅ ነጫጭ የውሃ ወፎች አጠገባቸው ተኮልኩለው አልበረሩም፤ እንስሳውም አምኗቸዋል። እጇን ይዟታል። እኔ እጄ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ባዶ መሆኑን እንኳ ሳላውቅ እጠጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ይርጋ ብቻውን መጣና አቀፈኝ። ማስተዋል እሺ እንዳለችው፣ እንደተመለስን ሽማግሌ እንደሚልክ፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱ እኔ እንድሆንለት ነገረኝ። "እንኳን ደስ አለህ" አልሁት። ያለኝ ጓደኛ እሱ ነው። እንኳን ደስ አለህ ያልሁበት አፍ ነው በኋላ የዘለለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንደ ጎብኚ አላየሁትም። ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆመን፣ ያ ሁሉ ቆላ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ፣ እኔ የማየው ብርቱካን ነው። ማስተዋል ለይርጋ ልጣ፣ ከፍላ ሰጠችው። ለእኔ ከነልጣጩ ሰጠችኝ። ትስቁብኝ ይሆናል። ሰው በብርቱካን ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ዳባትን አልፈን፣ ደባርቅን አልፈን ያንን ብርቱካን አልላጥሁትም፣ አልበላሁትም፤ ኪሴ ውስጥ እየጨመቅሁ ሄድሁ።

ሳንካበር ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሳር እየነጩ ከበቡን። ፈረንጁ ከመንጋው ዳር ብቻውን የተቀመጠውን ወንድ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሴቶቹን ሌላ ወንድ ስለነጠቀው ነው አልሁት፤ ግን አይሄድም፣ እዚያው ዳር ዳር ይላል። ይህን ሳስረዳ ማስተዋል ሰማችኝና "አሳዘነኝ" አለች። ለዝንጀሮ አዘነች። እኔ አጠገቧ ቆሜ።

ለካ በልቤ መቁጠር ከጎርጎራ ጀምሬያለሁ። የይርጋን አባት ዘር አውቀዋለሁ፣ የማስተዋልን አውቀዋለሁ። ወልዴ የሚባል አንድ አሮጌ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ከወልዴ ወዲህ በይርጋ በኩል ሰባቱ ሞልቶ ተርፏል። በማስተዋል በኩል ስንቴ ቆጠርሁ መሰላችሁ? በየመታጠፊያው፣ የጅንባር ፏፏቴ ጋ ቆመን ሁሉም አፉን ከፍቶ ውሃ ሲያይ፣ እኔ ቆጠርሁ። ልክ ሰባት ነው። ሞልቷል። ይጋባሉ። ከሰባቱ አንዱ ግን አበረ ነው። አበረን ከእኔ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም፤ አባቴ ሞቷል፣ የማስተዋል አባትም ቀድሞ ሞቷል፣ እናቷ የሌላ አገር ሰው ናቸው። ይህ ሐሳብ አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ አልሄደም። ሰይጣን ነው ልበል? አልልም። ሰይጣን ዘር መቁጠር አያውቅም። እኔ ነኝ።

ጨነቅ የደረስን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከገደሉ ጫፍ ዝቅ ብሎ ዋልያዎች ቆመዋል፤ ፈረንጆቹ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ቀስ እያሉ ሊያዩ ሄዱ። ሦስታችን ቀረን። ማስተዋል የቁርሱን ዕቃ አጥባ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሁለቱ ተያዩና ይርጋ ጀመረ። እናቷ የይርጋ አባት የአርማጭሆ ሰው መሆኑን በስልክ ሰምተው፣ ዘር ሳይቆጠር ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም ብለዋል። ስለዚህ እኔ እንድቆጥርላቸው ፈለጉ። ማን አለና ሌላ?

"አንተ የአባትህ ልጅ ነህ" አለኝ ይርጋ። "ያልኸውን እንቀበላለን። ቁጠርልን።"

ቆጠርሁ። የይርጋን ቀስ ብዬ ጨረስሁ። ከዚያ የሷን ጀመርሁ። ማስተዋል፣ ፈንታ፣ ውቤ፣ ዘለቀ፣ ተሰማ፣ ካሴ፤ ወልዴ ላይ ደረስሁ። አበረን ዘለልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዘለልሁና "ስድስት ነው" አልሁ።

ይርጋ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ማስተዋል ግን የገጠር ልጅ ናት፤ ስድስት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

"አንዴ ድገመው አያ ታደለ" አለችኝ። "ቀስ ብለህ።"

ይህን ልብ በሉልኝ። በር ተከፍቶልኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር ብል፣ ያባቴን ቃል ባስታውስ፣ አበረ ብዬ አንድ ቃል ብጨምር፣ አቅፈው ይስሙኝ ነበር። ደገምሁት። ቀስ ብዬ። ዘለቀ፣ ተሰማ። ሁለተኛ ጊዜ ዘለልሁ። አንዱን ስህተት ነው ብላችሁ ልትምሩኝ ታስቡ ይሆናል፤ ሁለተኛውንስ?

"እርግጠኛ ነህ?" አለች።

"ያባቴን አጥንት" አልሁ።

ያባቴን አጥንት! ያን ስም እንዳልረሳ የለመነኝን ሰው አጥንት ጠርቼ ማልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማስተዋል ከይርጋ አንድ እርምጃ ራቀች፤ ምንም ሳትል ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች፣ ሴት እንግዳ ወንድ ፊት እንደምታደርገው። ይርጋ ገደሉን ያያል። ፈረንጆቹ ዋልያውን አይተው እየሳቁ ተመለሱ፤ አሮጊቷ ያነሳችውን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየችን። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን፣ ቆንጆ ነው አልናት።

ሊማሊሞን ስንወርድ በየመታጠፊያው የሚያንጎራጉረው ይርጋ ድምፁ ጠፋ። ማስተዋል ከኋላ ተቀምጣለች፤ አጠገቡ ያለውን ውሃ እንዲያቀብላት ስትጠይቀው "ወንድሜ" አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ደስ ያለኝ መስሏችሁ ከሆነ፣ አዎ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ላይ ሆኜ አላስመስልም። ልቤ ከበደኝ፣ ተጸጸትሁ እያልሁ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ጸጸቱ የመጣው በኋላ ነው። ያን ዕለት ብርቱካኔን ከኪሴ አውጥቼ በላሁት።

ዛሪማ ሙቀት ነው። ወንዙ አጠገብ ድንኳን እየተከልን ይርጋ ገለል አድርጎ ወሰደኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"እጇን ይዣት ነበር ታዴ፣ ጎርጎራ ላይ። ስሜያታለሁም። ሳላውቅ ነው። ግን ኃጢአት ነው አይደል?"

ምን ብዬ መለስሁለት መሰላችሁ? "ንስሐ ግባ" አልሁት። እኔ። ያልሠራውን ኃጢአት እንዲናዘዝ ወደ ካህን የላክሁት እኔ ነኝ። ሄዶም ተናዘዘ። ማስተዋልም ተናዘዘች። ካህኑ እሷን ስግደት አዘዟት፤ ጾመ ነቢያትን ሙሉ ስትሰግድ ከረመች። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አገኘኋት፤ ጉልበቷ አብጦ እያነከሰች ነበር። ሰው ወንድሙን በመውደዱ ይህ አይበዛም አለችኝ። ወንድሟ አልነበረም። አጠገቧ ሆኜ ክንዷን ደግፌ ቤቷ አደረስኋት፤ በመንገዱ ሁሉ አንድ ስም ጉሮሮዬ ላይ ነበረ፣ ዋጥሁት።

ይርጋ ጎንደርን ጥሎ ሄደ። ሳንጃ ገብቶ የሰሊጥ ጭነት ማኪና መንዳት ጀመረ። እኔም ከዓመት በኋላ ለማስተዋል ሽማግሌ ላክሁ። የእኔና የሷ ዘር የትም አይገናኝም፤ እናቷም ሳያቅማሙ ተቀበሉ። ከሠርጉ በፊት ማስተዋልን ለምን እሺ እንዳለችኝ ጠየቅኋት። ጨነቅ ላይ ከትልቅ ጥፋት ስላዳንኸኝ ነው አለችኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ያልፈው ነበር፣ አንተ ግን ጓደኛህ ቢሆንም እውነቱን ተናገርህ። በዚህ ነው የተጋባነው። ጠላቴ እንኳ ከዚህ የባሰ እርግማን አይረግመኝም።

ሸጋ ሚስት ናት። ቤቴን ይዛ፣ ሥራ ሲጠፋ ሠርታ አብልታኝ፣ ልጅ ወልዳልኛለች። ታዲያ ምን ጎደለህ ትሉኛላችሁ። ቅናቱ አልለቀቀኝም! የፈለግሁትን ወስጄ እንኳ እቀናለሁ። ምክንያቱም ይርጋን በገዛ እጄ ዘመዷ አደረግሁት። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ከቤቴ በራፍ አባርረው ነበር፤ ወንድሟን ግን በምን አፌ? በዓል በመጣ ቁጥር ከሳንጃ ይመጣል። ሚስት አላገባም። ልጃችን "አጎቴ" እያለ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ እሷ ከድስቱ ጥሩውን ቁራጭ ለሱ ታወጣለች። ጎረቤት ሁሉ ወንድምና እህት እንዲህ ሲዋደዱ ደስ ይላል ይላል። እኔ ከወጡ ዳር ዳሩን እየጠቀስሁ ዓይን ለዓይን መተያየታቸውን እጠብቃለሁ። አይተያዩም። ሁለቱም ይጠነቀቃሉ። ያ ጥንቃቄያቸው ነው የሚያቃጥለኝ፤ ወንድሙን የሚጠነቀቅ ማን አለ?

ባለፈው ጥምቀትም መጣ። ታቦት ሸኝተን ቤት ገብተን ምሳ በላን። ማስተዋል ለልጁ የእናቱን ወገን ዘር አስተምራው ኖሯል፤ ለአጎቱ እንዲያሳይ አቆመችው። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ጀመረ። እናቱን ጠራ፣ ፈንታን ጠራ፣ ውቤን ጠራ፣ ከዚያ "ዘለቀ፣ ተሰማ" አለ። ከእናቱ የተማረው ነው። እሷ የተማረችው ከኔ ነው። ይርጋ አንገቱን ደፍቶ እየሰማ ነው፤ ያ ቁጥር ምን እንዳደረገው ከልጁ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። ወልዴ ላይ ደርሶ አበቃ። ልጁ ተሳስቼ ይሆን ብሎ ወደኔ ዞረ። እኔ ቆጣሪው ነኝና።

"ልክ ነው፣ ጎበዝ" አልሁት።

ሦስተኛው ይህ ነው። የገዛ ልጄን አፍ ተጠቅሜ ዘለልሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ለዚህ ነው የነገርኋችሁ።

እንግዲህ ይኸው። አበረ የሚባል ሰው ነበር፤ የተሰማ ልጅ፣ የዘለቀ አባት። በሱ ሰባት ይሞላል። ማስተዋልና ይርጋ ይጋቡ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፣ የንስሐ አባቴም አይደለም፤ የሁለቱ ነው፣ እነሱን ደግሞ አልጠየቅሁም። ለምን አትነግራቸውም ትሉኛላችሁ። ለልጄ ስል ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ትዳሬ እንዳይፈርስ፣ እናቷ በእርጅናቸው እንዳይደነግጡ፣ ሰው እንዳይስቅ እላለሁ። ሁሉም ውሸት ነው። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና ላብቃ። ያንን ስም በተናገርሁበት ደቂቃ ማስተዋል እኔን አትሰድብም፣ አታለቅስም። መጀመሪያ ዞራ ይርጋን ታየዋለች። ሳትጠነቀቅ ታየዋለች። እኔ ያንን ላለማየት ነው ዝም ያልሁት።